አባቴ ሊያየው የመጣው ሥዕል

ሮም፣ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1894

ቀኑን ሙሉ አንዲት ቀሚስ። ቢጫ ሐር፣ ጉልበት ላይ ስትታጠፍ ብርሃን የምትይዝ። የምስላትን ፌሊቺታን ጉንፋን ይዟት ባነጠሰች ቁጥር ቀሚሱ ይነቃነቃል፣ እኔም እነጫነጫለሁ። ዛሬ የሴቪያ እመቤት ናት። ከሮም በላይ ካሉት ተራሮች የመጣች ልጅ፣ ስፔን በየት በኩል እንደሆነች እንኳ የማታውቅ። «ሴቪያ ውስጥ ሰው ሲያነጥስ ምን ይሉታል?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ምን አውቄ? የቫሌንሲያ ልጅ ነኝ፣ ሴቪያን ረግጫት አላውቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ ስስላት ኖሬ...

የእጇን ማራገቢያ ነገ እስላለሁ።

ፌብሩዋሪ 11

እሑድ። ከቅዳሴ በኋላ የስፔኖች ቤተ ክርስቲያን ቄስ ክንዴን ይዘው ደስ የሚል ወሬ አለኝ አሉ። ከፋሲካ በኋላ ከቫሌንሲያ የሠራተኞች ጉዞ ይመጣል፣ በመርከብ፣ ብዙ ሺህ ሆነው፣ የሮማውን ሊቀ ጳጳስ ሊሳለሙ። ከሐር ሸማኔዎች ሰፈርም የሚመጡ አሉ። አባቴም አለበት።

አባቴ... ከሰፈሩ ወጥቶ ወደብ ድረስ ከሄደ ሩቅ አገር የሄደ የሚመስለው ሰው።

ደስ አለኝ? አዎ፣ አለኝ። ግን ቄሱ አላበቁም። ሸማኔዎቹ ከጳጳሱ ቀጥሎ ማየት የሚፈልጉት የአንተን ትልቁን ሥዕል ነው አሉ፤ የሁላችንም ፊት እዚያ ላይ አለ እያሉ አገሩን አዳርሰውታል።

«መቼም አለ አይደል?» አሉኝ።

«አለ» አልኩ። ገና ከመቅደሱ በር ሳልርቅ።

ፌብሩዋሪ 12

ሥራ አልሠራሁም። እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፈው፣ ማን ያነበዋል?

ሥዕሉ «የሸማኔዎቹ አመፅ» ነበር። በጥንት ጊዜ የቫሌንሲያ የእጅ ባለሙያዎች በመኳንንቱ ላይ የተነሡበት። ሮም የተላክሁት ለእሱ ነው። ከመምጣቴ በፊት በየሽመና መሣሪያው ሥር እየገባሁ የሰፈሬን ሰው ሁሉ ሳልኩ። ሥራ ፈትተው ተቀመጡልኝ። ሸማኔ ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሸማኔ ልጅ ያውቃል። አባቴ መሃል ላይ፣ ባንዲራ ይዞ። አጎት ኔሎ ከጎኑ። አጎት ብላስ ከኋላ፣ አፉን ከፍቶ ሲጮህ። ሮም ገብቼ ፊቶቹን ብቻ ጨረስኩ። ፈረሱ፣ ግንቡ፣ ሰማዩ ባዶ ሸራ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ሙሴ ዱቫሎን ከፓሪስ መጣ። ሥዕል ይገዛል፣ ይሸጣል፣ እኔንም የሚያኖረኝ እሱ ነው። ትልቁን ሥዕል ዞር ብሎ አላየውም። የኔሎን ፊት ብቻ በጣቱ ከበበና፣ ይቺን ቆርጠህ ብርጭቆ አስይዛት፣ ፓሪስ ትሻማባታለች አለ። ሳቅሁበት። በሳምንቱ ቆረጥሁ። አንድ ፊት ብቻ፣ መልሼ እስለዋለሁ ብዬ... ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል።

ኔሎ ሰካራም መነኩሴ ሆነ። ብላስ ጢም ላጭ ሆነ፣ ምላጭ ይዞ የሚዘፍን። ሌሎቹም እንደዚያው፣ አንድ በአንድ። የእርሳስ ንድፎቹም ሄዱ፣ ፓሪሶች ንድፍም ይወዳሉ። አባቴን አልነካውም ብዬ ነበር። ባለፈው መከር እሱንም ቆረጥሁት። ቀይ ቆብ ደፋሁበት፣ ስኒ አስያዝሁት። «ካርዲናሉ ቸኮላት ሲቀምሱ»።

ኔሎ ደግሞ ጠጥቶ አያውቅም። ጨጓራው አይችልም ነበር።

ፌብሩዋሪ 20

ለኤመቴሪዮ ነገርኩት። ከእኔ በላይ ያለውን ክፍል ተከራይቶ በሬ ተፋላሚ ብቻ የሚስል የሴቪያ ልጅ ነው። (ስለ ማነጠሱ እሱን መጠየቅ ነበረብኝ።) እስኪበቃው ሳቀብኝና ሸራውን ጠግነው አለ።

«ሮም ውስጥ ፊት ጠፋ እንዴ? አደባባዩ ደረጃ ላይ ሽማግሌው ሁሉ ተኮልኩሎ የሚስለውን ሠዓሊ ይጠብቃል። ጢም ያለው ምረጥ፣ ጢም ሁሉን ያመሳስላል።»

«የገዛ ፊታቸውን አያውቁትም ብለህ ነው?»

«በሃያ ዓመት? ሰው የሚያስታውሰው ቆንጆ የነበረበትን ነው። አሳምረህ ሳላቸው፣ ሁሉም እኔ ነኝ ይላል።»

ከልቡ ይሁን እየቀለደብኝ አላወቅሁም። ነገ እሞክራለሁ።

ማርች 4

ሸራውን ፈትቼ ዘረጋሁት። አይጥ የበላው ጆንያ። መሃሉ ላይ ባንዲራ አለ፣ ባንዲራውን የያዘ እጅ አለ... ሰውየው የለም።

ከኋላ አዲስ ጨርቅ ለጠፍሁ። ፌሊቺታ ሙጫውን ስታማስልልኝ ዋለች። «እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው?» አለችኝ። ተሸጡ አልኳት። አማተበች።

ማርች 15

ኔሎ አልመጣ አለኝ። አምስት ስድስት ጊዜ ጀመርሁት። ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ መነኩሴው ነው፣ ጉንጩ ቀልቶ፣ ዓይኑ ስልም ብሎ፣ ከንፈሩ ረጥቦ። ያንን እኔ ነኝ የጨመርሁበት። ቅላቱን አነሣለሁ፣ ብርጭቆውን አነሣለሁ... ከብርጭቆው ጋር ፊቱም ይሄዳል። ከሥሩ ምን ነበር? ልጅ ሆኜ የተቆረጠ የሐር ክር እየሰጠኝ ያጫውተኝ የነበረ ሰው። ድምፁ ትዝ ይለኛል። ፊቱን ሸጥሁት።

ማርች 21

ዱቫሎን መጣ። ቢጫዋን ቀሚስ ወሰደ፣ ጣቱን እየሳመ። ያ ሽማግሌ ካርዲናል አሜሪካ ድረስ ሄዷል አለ፤ ሌላ ይፈልጋሉ፣ ያንኑ ፊት፣ አሁን ደግሞ ከአንድ ወፍራም ቄስ ጋር ዳማ ሲጫወት።

እሺ አልኩት። ለምን እሺ አልኩ? የተጠገነው ሸራ ከኋላው ተዘርግቶ እያየኝ እሺ አልኩት።

ማርች 25

ፋሲካ። ተናዘዝሁ፣ ቆረብሁ። ስለ ሸራው ግን አላነሣሁም። የገዛ ሸራዬን መቁረጥ ኃጢአት ነው እንዴ?

ኤፕሪል 8

ተውሁት። ከደረጃው ያመጣኋቸውን ሽማግሌዎች ሁሉ አሰናበትሁ። ቆንጆዎች ናቸው፣ ጢማቸውም ያምራል፣ ማንንም ግን አይመስሉም። ጥገናውን ነቅዬ ሸራውን ጠቀለልሁት።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። እኔ የቆጡንም አላወረድሁ።

ኤፕሪል 13

መጡ። ባቡር ጣቢያው በቫሌንሲያ ቋንቋ ይንጫጫል። ስንት ዓመት ሆነኝ ያንን ድምፅ አንድ ላይ ከሰማሁት? አገር ሲለቁ ወደቡ ላይ ቄስ የሚጠሉት ድንጋይ ወርውረውባቸዋል፤ አጎት ብላስ ግንባሩ ላይ እንደ ዕንቁላል ያበጠውን ለሁሉም እያሳየ ይኮራበታል።

አባቴ አንሷል። እኔ ነኝ የማስታውሰው ረጅም አድርጌ ወይስ እሱ ነው ያጠረው? እጁን ሳምሁ። ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ «ወፈርህ» አለ፣ ሌላ ምንም።

አክስት ቶማሳ፣ የኔሎ ሚስት፣ በጥቁር ልብሷ ከኋላው ቆማለች። እኔ ከመጣሁ በኋላ ነው ኔሎ የሞተው። ሰላምታ እንኳ ሳታስጨርሰኝ፣

«አገጩ ላይ ያለችውን ኪንታሮት አልተውካትም አይደል?» አለችኝ።

«አለች አክስቴ» አልኩ።

ፎቶ አልተነሣም ነበር አለች። ስንት ጊዜ ለመንሁት፣ ሮም ውስጥ ሥዕል እያለኝ ፎቶ ምን ይሠራልኛል ይለኝ ነበር አለች። እየሳቀች ነው የነገረችኝ።

ምን ይዋጠኝ?

ኤፕሪል 14

አባቴ ጧት ብቻውን መጣ። ሌሎቹ ከሰዓት ይመጣሉ፣ እኔ ግን ቀድሜ ልየው ብዬ ነው አለ። ንጹሕ ሸሚዙን ለብሷል። ለጳጳሱ ያመጣው መሆን አለበት። ፌሊቺታን ወደ ቤቷ ላክኋት። ከመንገድ ላይ የገዛውን ብርቱካን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ የሮም ብርቱካን ውሃ ነው ብሎ ዙሪያውን አየ። ቢጫ ጨርቅ፣ ማራገቢያ፣ የካርዲናል ቆብ... ጥቅሉን ሲያይ «ይሄ ነው?» አለኝ።

አንድ ላይ ፈታነው። ጨርቅ ሲፈታ እጁ አሁንም ልጅ ነው፣ አንድ ጊዜ እንኳ አልተጨማደደበትም። ዘርግተነው ቆመ። ጣቱን በቀዳዳዎቹ ጠርዝ ላይ አስሄደ።

«ብል በላው?» አለኝ።

አዎ ልል ነበር። ብል በላው ብል ይበቃ ነበር... እሱ ራሱ አፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ግን ዓይኑን አየሁትና አቃተኝ።

«እኔ ነኝ። ቆርጬ ሸጥኋቸው።»

«ሰዎቹን?»

«ሰዎቹን።»

«እኔን ምን አደረግኸኝ?»

«ካርዲናል። ቸኮላት ሲጠጡ።»

ሳቀ። እውነተኛ ሳቅ፣ ትከሻው እስኪነቃነቅ። እናትህ ይሄን ሳትሰማ ሞተች አለ። ከዚያ ሳቁ ሳያልቅ፣

«ኔሎንስ?»

ነገርኩት። ብርጭቆውንም፣ የቀላውን ጉንጭም። ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«ቶማሳ ለጳጳሱ የመጣች እንዳይመስልህ» አለ። «ለኔሎ ነው የመጣችው።»

ከዚያ ተነሥቶ ሸራውን ራሱ ጠቀለለው፣ ራሱ አሰረው፣ ከአልጋዬ ሥር ከተተው። አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት ወደ ማረፊያቸው ሄድን። ሸማኔዎቹ ልብሳቸውን አሳምረው፣ ወደ እኔ ቤት ለመሄድ ተዘጋጅተው ይጠብቁናል። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት አባቴ ቀደመኝ። ሥዕሉን አንድ ትልቅ መስፍን ገዝቶታል አለ። ሙሉውን። አዳራሹ ውስጥ ሰቅሎታል። መስፍኑ አገር ውስጥ የለም፣ ቤቱ ተዘግቷል፣ ልጄ ሌአንድሬ እንኳ መግባት አይችልም። እንዲህ አድርጎ ቀጥ ብሎ፣ ሳይንተባተብ።

አጨበጨቡ። አጎት ብላስ «እንግዲህ እኔ ከዛሬ ጀምሮ አድራሻዬ የመስፍን ቤት ነው፣ የቤት ኪራይ የሚጠይቀኝ እዚያ ይምጣ» አለ። ሁሉም ተሳሳቁ። ትከሻዬን እየመቱ እንኳን ደስ ያለህ አሉኝ። እኔም አመሰገንሁ። አመሰገንሁ...

አክስት ቶማሳ ብቻ አልሳቀችም።

«ኔሎም እዚያ ነው?»

«ከጎኔ ነው» አለ አባቴ። መሬት መሬት እያየ።

ኤፕሪል 16

ትናንት ጳጳሱን አዩ። አባቴ ከሩቅ ነጭ ነገር አየሁ፣ እሱ መሆን አለበት አለ።

ዛሬ የሸማኔዎቹ የራሳቸው ቅዳሴ በስፔኖች ቤተ ክርስቲያን ነበር። ሁሉም ተናዝዘው ነበር፣ ለዚህ ነው ባሕር የተሻገሩት። ለቁርባን ተነሥተው ተሰለፉ። አጎት ብላስ ከነዕብጠቱ፣ አክስት ቶማሳ መቁጠሪያዋን ይዛ። አባቴ አልተነሣም። ከሁሉ ቀድሞ የሚቆርብ ሰው። ወንበሩ ላይ ብቻውን ቀረ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ሰዎች ሲመለሱ እግሩን እየሰበሰበ ያሳልፋቸዋል።

ውጭ ላይ ለምን አልቆረቡም ብዬ ጠየቅሁት።

«ዋሽቼ?»

«ይናዘዙታ።»

«ለመናዘዝ መጸጸት ያስፈልጋል። እኔ አልተጸጸትሁም። ነገም ቢጠይቁኝ ያንኑ ነው የምላቸው። ተጸጽቻለሁ ብዬ ደግሞ እግዚአብሔርን ላታልለው? የሐር ነጋዴ አደረግኸው እንዴ?»

ከዚያ እዚህ አገር ሩዝ የሚያበስል ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ኤፕሪል 19

ሄዱ። ጣቢያው ላይ ለአክስት ቶማሳ ልነግራት ሁለት ጊዜ ተጠጋኋት። አንዴ ኮሮጆዋን ያዝሁላት፣ አንዴ ትኬቷን ጠየቅኋት። በቃ። ባቡሩ ሲነሣ በመስኮት፣ መስፍኑ ሲመለስ ኔሎን ሰላም በልልኝ አለችኝ።

አባቴ ብርድ እንዳይመታህ ብሎኝ ሄደ።

ጁላይ 2

ዳማ የሚጫወተውን ካርዲናል ጨረስሁ። የአባቴ ፊት ወዲያው መጣልኝ። ከሁለት ወር በፊት አጠገቤ ተቀምጦ ነበር፣ ምን ይሳነኛል? ባዶውን ሸራ ሲያይ የነበረውን ዓይኑን ነው የተጠቀምሁት፣ ካርዲናሉ ዳማውን ሲያይ። ዱቫሎን፣ ይሄ ሽማግሌ እንዲህ የሚያዝነው ሊሸነፍ ስለሆነ ነው አይደል ብሎ ሳቀ።

ወሰደው። ሰጠሁት።

ኦክቶበር 21

ምንም። ሌላ ቀሚስ፣ ይቺ ደግሞ ሰማያዊ።

ጃንዋሪ 17 ቀን 1895

ኤመቴሪዮ ከአገር ተመለሰ። ሲመለስ በቫሌንሲያ አልፎ፣ አባቴን ጠይቆልኛል። እዚያው አድሮ ሩዝ በልቶ፣ እሑድ ከአባቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄዷል። ወሬውን ሲጀምር እየቀለደ ነበር። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ስለ መስፍኑ ጠየቀኝ፣ እኔም ጢሙን ጨምሬበት፣ ፈረሱን ጨምሬበት ነገርኋቸው አለ። ከዚያ ቀልዱ አለቀበት።

«አባትህ አይቆርቡም» አለኝ። «ሰው ሲነሣ ወንበራቸው ላይ ይቀራሉ። ከሮም ከተመለሱ ወዲህ አንድም ቀን። ሰፈሩ ያወራል። እዚያ ሴት ጋ ሄዱ የሚልም አለ፣ በዚህ ዕድሜያቸው። ሰረቁ የሚልም አለ። ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል።»

ይብሳል። አውቀዋለሁ። በፋሲካ የቆረበ ሁሉ ትንሽ ወረቀት ይሰጠዋል፣ ከበዓሉ በኋላ ቄሱ ቤት ለቤት እየዞሩ ይሰበስቡታል። የእኛ በር ሲንኳኳ ወረቀት የለም ማለት ነው። ጎረቤት ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ እያየ።

እሱ እዚያ ተቀምጦ... እኔ እዚህ ሰማያዊ ቀሚስ።

ጃንዋሪ 30

ፋሲካ ሳይደርስ እሄዳለሁ። ለዱቫሎን የሰማያዊዋን ቀሚስ ሥራ ሳልጨርስ እንደምሄድ ነገርሁት። ሰው አባቱን ለመጠየቅ ሥራ አይተውም አለኝ። ይሄንኑ ሃያ ዓመት ሙሉ እኔው ሳስተምረው ኖሬ።

ቫሌንሲያ፣ ኤፕሪል 5

ደረስሁ። ሰፈሩ ጠቧል። የሽመናው ድምፅ ቀንሷል፣ በየቤቱ የነበረው አሁን አልፎ አልፎ ነው የሚሰማው። አባቴ መሣሪያው አጠገብ ተቀምጦ ክር ያፍታታል። እንኳን መጣህ ብሎ ሩዝ ጣደ።

ከበላን በኋላ የመጣሁበትን ነገርኩት። ለሁሉም እናገራለሁ፣ እርስዎ ነፃ ይሆናሉ አልኩ። ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ተው። ሸራውን የቆረጥህ አንተ ነህ፣ የዋሸሁት ግን እኔ ነኝ። ብትናገር የሚያፍረው ማን ነው? አንተ ወደ ሮምህ ትመለሳለህ፣ እኔ ነኝ እዚህ የምኖረው።»

ይሄን አላሰብሁትም ነበር። በመርከቡ ላይ ያሰብሁት ሁሉ ስለ ራሴ ነበር... እንዴት እንደምናገር፣ እንዴት እንደሚቀልለኝ።

ዝም ብል ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ይሞታል። ብናገር ውሸታም አደርገዋለሁ። የትኛው ነው?

ኤፕሪል 7

ሆሳዕና። ተናገርሁ።

ዘንባባው ከተባረከ በኋላ ወንዶቹ እንደ ድሮው የሸማኔዎቹ ማኅበር ቤት ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር። አጎት ብላስ፣ የመስፍኑ ሠዓሊ መጣ ብሎ ባርኔጣውን አነሣልኝ። ሁሉንም ነገርኋቸው። ቆርጬ እንደሸጥሁ፣ መስፍን የሚባል እንደሌለ፣ አባቴ ያን ያለው እኔን እንዳያዋርዱኝ ብሎ እንደሆነ። አጎት ብላስ ባርኔጣውን መልሶ አደረገ።

«እኔን ምን አደረግኸኝ?»

«ጢም ላጭ።»

እኔን አላየኝም። አባቴን ነው ያየው።

«ኦኖፍሬ፣ ጳጳሱ አገር ሄደህ ዋሸኸን?» አለው። ሌላ ነገር አልጨመረም። ሄደ። ሌሎቹም ተከተሉት፣ አንዳንዱ ለአባቴ አንገቱን እየሰበረ፣ አንዳንዱ ጨርሶ ሳያየው። አባቴ ዘንባባውን እንደያዘ ቀረ። ቤት ገብቶ በሩን ዘጋው፣ ለእኔ እንኳ አልከፈተም። ዛሬ የጎረቤት ቤት ነው የማድረው።

አክስት ቶማሳ ከሴቶቹ ጋር ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ምሽት ላይ እዚያ መጣች።

«ሰካራም አደረግኸው?»

«አዎ አክስቴ።»

ነጠላ ጫማዋን አየች። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«አንድ ቀን እንኳ ጠጥቶ በዘፈነልኝ ብዬ ስመኝ ኖሬ...» አለች። «ነገ ወረቀትና እርሳስ ይዘህ ና። ኔሎን ልትሠራልኝ ነው።»

ኤፕሪል 9

ሁለት ቀን አክስት ቶማሳ ቤት። ስስል መነኩሴው ብድግ ይላል። ታየውና፣ ይሄ ኔሎ አይደለም፣ ይሄ የጠጣ ሰው ነው ትለኛለች። አጠፋለሁ። ዓይኑ ጠበብ ይበል። ጆሮው እንዲህ አልነበረም፣ የግራው ወጣ ያለ ነበር። ጉንጩን ተወው፣ ጉንጭ አልነበረውም። ሐር ለመሳል እጄን የሚያህል የለም ይሉኛል ፓሪሶች፤ እሷ ፊት እንደ ተማሪ ላቤ ይወርዳል። ኪንታሮቷ ብቻ በመጀመሪያው ቀን ተስማማችልን።

አባቴ አላናገረኝም። በሩን ከፍቶልኛል ግን። አጎት ብላስ በደጃችን ሲያልፍ በዚያ ማዶ ነው የሚያልፈው።

ኤፕሪል 10

ዛሬ ተናገረ። ሩዙን እያወጣልኝ፣ ብላስ ሰላም አላለኝም አለ። ልጆች ሆነን አንድ መሣሪያ ላይ ነው የተማርነው፣ ሰላም ሳይለኝ ያደረበት ቀን የለም አለ።

ይቅር ይበሉኝ አልኩ።

«አሁን የምደብቀው የለኝም» አለ። «አሁን መጸጸት ይቻላል።»

ባርኔጣውን አድርጎ ወደ ቄሱ ሄደ። መስኮት ላይ ሆኜ እስኪታጠፍ አየሁት። መንገዱን ያቋረጠው ቀስ ብሎ ነው፣ የሰላምታ ጊዜ እንደሚሰጥ ሰው፣ ማንም ግን ሰላም አላለውም።

ኤፕሪል 11

ጸሎተ ሐሙስ። ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ነበር። ከአባቴ ጎን ተቀመጥሁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልጅነቴ ወዲህ። ትናንት ማታ ለመናዘዝ ሄጄ ተራ ይዤ ነበር። ቆሜ ራሴን ጠየቅሁ። ተጸጽተሃል? አዎ። ዱቫሎን ነገ ቢመጣና ያንኑ ፊት ቢልህስ? ለመመለስ ሞከርሁ። ዳማ የሚጫወተው ካርዲናል ትዝ አለኝ... እሱን የሠራሁት አባቴ ወንበር ላይ ሲቀር በዓይኔ ካየሁ በኋላ ነው። ተራዬ ሳይደርስ ወጣሁ።

ሰው ለቁርባን ተነሣ። አባቴም ተነሣ። ወንበሩን ተደግፎ፣ ቀስ ብሎ። አጎት ብላስ ከፊቱ ነበር። ወደ ኋላ ዞሮ አላየውም፣ ግን ቦታ ለቀቀለት። ሁለቱም እየተከታተሉ ሄዱ።

እኔ ቀረሁ። ሰዎች ሲያልፉ እግሬን እየሰበሰብሁ አሳለፍኋቸው። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ያየኛል፣ ይይ።

አክስት ቶማሳ ቆርባ ስትመለስ ወደ ቦታዋ አልሄደችም፣ ከጎኔ ተቀመጠች። ጸሎቷን አደረሰች፣ አማተበች። ከዚያ ጆሮዬ አጠገብ፣

«ነገ ስቅለት ነው። ቅዳሜ ና» አለችኝ። «አፍንጫው ገና ነው።»